ለአምስት የጎደለ አንድ

ልብሰ ተክህኖው በወር አንድ ቀን ፀሐይ ይሞቅ ነበር። ቤተ ክርስቲያናችን ጣሊያን በገባ በሁለተኛው ዓመት ሲቃጠል አባቴ ከእሳቱ ያወጡት ሦስት ካባ፣ ሁለት ቀሚስ፣ ጫፉ የተላላጠ አንድ አክሊልና ጥቂት የብራና መጻሕፍት ብቻ ነው። ታቦቱን ከሌላ ሽማግሌ ቄስ ጋር የት ዋሻ እንዳስገቡት አልነገሩንም፤ እኛም አልጠየቅንም። በዚያን ጊዜ አለማወቅ ጤና ነበር። ልብሱ ግን እኛ ቤት፣ በፍየል ቆዳ አቁማዳ ተከቶ ከጣሪያው ሥር ተሰቅሎ ኖረ። የአንኮበር ጉም ደግሞ በር ተከፈተ ተዘጋ አይልም፤ በግድግዳው ሾልኮ ይገባል። በወር አንዴ ካልተናፈሰ ሐሩ ይሻግታል። እናቴ ልብሱን አትነካውም፤ ጎረቤትም አይነካውም። የሚነካው ክህነት ያለው ሰው ነው፤ በቤታችን ክህነት ያለን ቄሱ አባቴና ዲያቆኑ እኔ ብቻ ነበርን።

ከደብረ ብርሃን ከተመለስኩ ወዲህ ግን አቁማዳው በወረደ ቁጥር ሰበብ አላጣም ነበር። «እጄ ቆስሏል» እላለሁ። እውነትም ቆስሎ ነበር፤ የግራ አውራ ጣቴን ድንጋይ ስፈልጥ በመዶሻ ጨፍልቄዋለሁ። አባቴ ጣቴን አየት ያደርጋሉ። ከዚያ ካባዎቹን አንድ በአንድ ብቻቸውን እየዘረጉ አጥሩ ላይ ያሰጣሉ። በሚቀጥለው ወር «ጣቴ አመርቅዟል» እላለሁ። በሚቀጥለው ደግሞ እንጨት ለመልቀም ጠዋት ማልጄ እወጣለሁ።

እጄን ያራቀው ቁስሉ አልነበረም።

ያኔ ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። ቅኔ ቤት ሦስት ወር ተቀምጬ ከመምህሩ ጋር ተጣልቼ ወጣሁ፤ ከዚያ ወዲህ ግጥም ያስተማረኝ ሰው የለም። ያገኘሁትን ወረቀት አነባለሁ፣ ያገኘሁት ወረቀት ላይ እጽፋለሁ። ጣሊያን ለመንገድ ሥራ ቀን ሠራተኛ ይፈልጋል ሲባል «ለእህል ነው» ብዬ ወደ ደብረ ብርሃን ሄድኩ። የልቤ ግን ከጉሙ መውጣት ነበር። ስምንት ወር ጠጠር ፈለጥኩ። የስሚንቶ ከረጢት ወረቀቱ ድርብርብ ነው፤ የመካከሉ አቧራ አይነካውም። ሌሎቹ ምሳቸውን ሲበሉ እኔ እሱን እየገነጠልኩ እጽፍበታለሁ። አንዱ ላይ የጻፍኩትን እስካሁን አልረሳሁትም፤

ወንድሜ ባሕር ላይ፣ እኔ ጠጠር ላይ ነኝ፤
እሱን ሞገድ ገፋው፣ እኔን ዳገት ያዘኝ።

እዚያው ለመንገድ ሠራተኞች ጠላ የምትሸጥ ሴት ነበረች። ባሏ ዘምቶ አልተመለሰም። እንደ ብዙዎቹ ለቅሶዋን ተቀምጣ፣ ማቋን አውልቃ፣ ጋኗን አጥባ ሥራ ጀመረች። ከእኔ በስድስት ዓመት ትበልጣለች። አራት ወር አብሬያት ኖርኩ። ዲያቆን በቁርባን ሳያገባ ሴት ካወቀ ድቁናው ፈረሰ። ንስሐ ይገባል፣ ይቅር ይባላል፤ ወደ መቅደስ ግን አይመለስም። ቤተ ክርስቲያናችን ባይቃጠል ኖሮ በተመለስኩበት ሳምንት ይታወቅብኝ ነበር፤ እሑድ ቅዳሴ ላይ ከመጋረጃው ውጭ መቆሜን ሕፃን እንኳ ያያል። ቃጠሎው ደበቀኝ። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ። የጣሊያንን በደል ሁሉ እየረገምኩ በአንዱ በደል ተጠልዬ ኖርኩ።

አሁን ወደ ቤታችን ስለት ልመለስ። አያቴ በወጣትነቱ ኢየሩሳሌም ሊሳለም ሄዶ ነበር። የኢትዮጵያውያኑ ገዳም ሲደርስ አባቶች ልብሰ ተክህኖ ለብሰው፣ እጃቸውን አጣምረው፣ ሳይቀድሱ ቆመው አገኛቸው። አራት ነበሩ። ቅዳሴ ደግሞ በአምስት ነው፤ ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን። አምስተኛውን በዚያው ሳምንት ቀብረውታል። አያቴ ዲያቆን ነበርና ጫማውን አውልቆ ገባ፤ ቅዳሴው ተቀደሰ። ሲወጣ «ከእንግዲህ ከቤቴ አንድ ሰው አይጠፋባችሁም» ብሎ ተሳለ። የሄደው ሦስት ዓመት ያገለግላል፤ ተተኪው ሲደርስ ይመለሳል። ከአያቴ በኋላ ዘመዶቹ ተራ በተራ ሄዱ፤ በመጨረሻም አጎቴ ሄደ። ከአጎቴ በኋላ ጣሊያን ሊገባ አንድ ዓመት ሲቀረው ታላቅ ወንድሜ ሄደ። እህቴም እዚያ ያረጀችውን መነኩሲት አክስታችንን ለመጦር አብራው ሄደች። እሱ ሃያ ሁለት፣ እሷ አሥራ ስምንት ዓመታቸው ነበር። ቀጣዩ ተራ የእኔ ነበር።

ጣሊያን ገባ፤ መንገዱ ተዘጋ፤ ተራዬም ሳይደርስ ዓመት በዓመት ላይ ተደራረበ።

ደብዳቤ የሚያደርሱልን አንድ የአልዩ አምባ ነጋዴ ነበሩ። የአባቴ የሠላሳ ዓመት ወዳጅ ናቸው። ከኢየሩሳሌም እስከ ጅቡቲ በመርከብ፣ ከጅቡቲ እስከ አልዩ አምባ በእሳቸው ግመል ይመጣል። በመስከረም አጋማሽ አንድ ቀን በቅሏቸውን እየጎተቱ ዳገቱን ወጡና ከበሩ ላይ ሆነው «ቄሱ፣ ዘንድሮ ያመጣሁት ከባድ ነው፤ እጄ ላይ አላረፈም» አሉ። የአባቴ ዓይን ደክሟል፤ አንባቢው እኔ ነበርኩ።

ወንድሜ እንዲህ ጽፏል፤ «ሦስት ዓመት ቢባል አምስተኛው ሊገባ ነው። አባቶች ጠርተውኝ፣ ወጣት ከዚህ በላይ ሳይመነኩስ በገዳም አይቆይም አሉኝ። እስከ ትንሣኤ ተተኪዬ ከመጣ መርቀው ይሸኙኛል፤ ካልመጣ ቆብ ያጠልቁልኛል። ጥዬ ልምጣ ብል አራት ይቀራሉ፤ ይህን አላደርገውም። ግን ለምንኩስና አልተጠራሁም። እጮኛዬ የመዘዞዋ ልጅ እየጠበቀችኝ ከሆነ ንገሯት። ለእናቴም ንገሯት።» ከግርጌው በእህቴ ጽሕፈት ትንሽ ተጨምሯል፤ «የአክስቴ ዓይን ጠፍቷል። ውሃ ከጉድጓድ የማወጣላት፣ እጇን ይዤ የማስቀድሳት እኔ ነኝ። እኔን አትጠብቁኝ፤ እዚሁ ደህና ነኝ። እሱን ግን አውጡት።»

እናቴ አንድ ጊዜ አላረካትም። «እስከ መቼ ነው ያለው? እሱን ድገመው።»

«እስከ ትንሣኤ።»

«ዳግመኛ በለው።»

«እስከ ትንሣኤ፣ እማዬ።»

«ቆብ ያጠለቀ ልጅ ከእናቱ ቤት አይገባም» አለች። ማንንም አልተመለከተችም። «መቃብሩን ሳላይ ቀበርኩት ማለት ነው።»

ነጋዴው ይህን ሲሰሙ «እኔ ዘንድሮ ኢንሻአላህ ሐጅ ሂያጅ ነኝ» አሉ። «ጣሊያን ለእኛ ይለፍ ይሰጣል፤ ለናንተ ቄሶች አይሰጥም። ደግነቱ አይደለም፤ ሊያጣላን ነው። ታዲያ ቄሱ ምን ይመክሩኛል? ልጣላዎት ወይስ ልጠቀምበት?»

«ይጠቀሙበት» አሉ አባቴ።

«እንግዲያው ይህን ልጅ አሽከሬ አድርጌ ጅቡቲ አደርሰዋለሁ። ከዚያ እኔ ወደ ጅዳ፣ እሱ ወደ ኢየሩሳሌም። ስመለስ ወንድሙን ጅቡቲ ላይ ተቀብዬ እሱንም አሽከሬ አድርጌ አመጣዋለሁ። አንድ አሽከር ሄደ፤ አንድ አሽከር መጣ። ጣሊያን ሰው አይለይም፤ ቁጥር ነው የሚያይ።»

«እኛም በቁጥር ነው የምንቀድስ» አሉ አባቴ። ፈገግ አላሉም።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ደስ አለኝ፤ ይህን አልደብቅም። ባሕር አየሁ፤ መርከብ አየሁ፤ ከዚህ ጉምና ከዚህ ጠጠር ስወጣ ራሴን አየሁ። ደስታው ከደረቴ ወደ ሆዴ ሳይወርድ ሌላው ነገር መጣ። አምስተኛ ሆኜ የምቆመው እኔ ነኝ፤ እኔ ደግሞ ዲያቆን አይደለሁም። ከዚያ ደግሞ «ማን ያውቃል?» የሚል መጣ። ኢየሩሳሌም ላይ የደብረ ብርሃንን ጠላ ቤት ማን ያውቃል?

«እሄዳለሁ» አልኩ። እናቴ ጉልበቴን ይዛ ሳመችኝ። እናት የልጇን ጉልበት ስትስም ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም።

ይለፉን ልናወጣ በጥቅምት ከነጋዴው ጋር ደብረ ብርሃን ሄድን። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል፤ ሰው ሁሉ ባናውን እስከ ዓይኑ ተከናንቦ ነው የሚሄደው። ከጣሊያኑ ሹም ቢሮ ደጅ ግማሽ ቀን ቆምን። ስንገባ ሹሙ ቀና ብሎም አላየን። አስተርጓሚው የአገር ልጅ ነው፤ ከጣሊያኑ ይልቅ እሱ ይቆጣል።

«ለምን ትሄዳለህ?»

«ለሐጅ፣ ጌታዬ።»

«ስንት አሽከር?»

«አንድ።» ነጋዴው በአገጫቸው ወደ እኔ ጠቆሙ። «ስሙን አይጽፉትም?»

አስተርጓሚው ሳቀ። «የአሽከር ስም ማን ያነባል፣ ሽማግሌው? አንድ ካልክ አንድ ነው።»

ስንወጣ ነጋዴው ወረቀቱን በጨርቅ ጠቅልለው ደረታቸው ውስጥ አገቡና «አየህ፣ ስም የሌለው ሰው መሆን አንዳንዴ ያስኬዳል» አሉኝ። ከዚያ ጨው ሊገዙ ገበያ ገቡ። እኔ እግሬ ወደሚያውቀው ቤት ወሰደኝ።

ከደጇ ላይ ጌሾ እያበጠረች ነበር። ቀና ብላ አየችኝና መልሳ አጎነበሰች።

«መጣህ?»

«ላልፍ ነው።»

«የት ልታልፍ?»

ነገርኳት። ገዳሙን፣ ወንድሜን፣ አምስቱን፣ ሁሉንም። ሰፌዱን አስቀመጠች።

«ዲያቆን ሆነህ ልትቀድስ?»

ከሰፌዱ ላይ የጌሾውን እንጨት መልቀም ጀመርኩ።

«እሰይ፣ አባ ዲያቆን! እንግዲህ እኔ የለሁም ማለት ነዋ። አራት ወር የማንን እንጀራ በላህ ሲሉህ የነፋስ ትላለህ?»

«ማንም አይጠይቀኝም።»

«እሱን ነው የምልህ።» ድምፅዋ ከፍ አላለም። «ኃጢአት በለኝ፤ ግድ የለም። ቄስ ፊት ተንበርክከህ ኃጢአቴ ናት በል። አልነበረችም ግን አትበለኝ። አንዱ ዘምቶ እንዳልነበረ ሆኖብኛል፤ ሌላው ቀድሶ እንዳልነበረ አይሁንብኝ።»

ቤት ገብታ አንድ እሽግ አመጣችልኝ። የስሚንቶ ወረቀቶቼ ነበሩ። «ውሰዳቸው፤ አይጥ ሊጨርሳቸው ነው። እኔ ማንበብ አልችል።» ከዚያ ወደ ጌሾዋ ተመለሰች። እሽጉን ይዤ ወጣሁ።

ወደ አንኮበር ስንመለስ ነጋዴው በመንገድ ሁሉ ስለ ባሕር ነገሩኝ፤ መጀመሪያ ያየው ሰው ሰማይ ወደቀ ብሎ እንደሚደነግጥ፣ ዓሣው ሁሉ ዓይኑን እንደማይከድን። ሌላ ጊዜ ቢሆን እያንዳንዱን ቃል እለቅም ነበር። ያን ቀን አልሰማኋቸውም።

መነሻችን በኅዳር ወር ተቆረጠ። ከመሄዴ አንድ ቀን በፊት ውርጩ ሲተን አባቴ አቁማዳውን አወረዱ። እናቴ ስንቄን ልታስፈጭ ጎረቤት ሄዳለች። አባቴ ትልቁን ካባ አንድ ጫፍ ያዙና ሌላውን ወደ እኔ ዘረጉት።

«ና፣ ይህን ጫፍ ያዝልኝ።»

እጄን ወደ ኋላዬ አደረግኩ። «አልይዘውም።»

«እጅህን ነው?»

«እጄ አይደለም፣ አባባ።»

ካባው በመሃላችን ተንጠልጥሎ ነገርኳቸው። አጭር ነበር፤ ስምንት ወር ተሸክሜው ስነግራቸው እፍኝ ቃል አልሞላም። አባቴ እስክጨርስ ጠበቁኝ። ከዚያ የካባውን ሌላ ጫፍ ራሳቸው ሰብስበው አጥሩ ላይ ዘረጉት፣ እጥፋቱን በመዳፋቸው አስተካከሉ፣ መጥተው ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ።

«እጅህ ከዳነ አምስት ወር ሆኖታል» አሉ። «ጥፍርህ እንኳ አድጓል።»

«ያውቁ ነበር?»

«አንድ ነገር እንዳለ አውቅ ነበር። ካባ የሚሸሽ ዲያቆን ያለ ምክንያት አይሸሽም። ከአፍህ እስክሰማው ጠበቅሁ።»

«ሳልናገር ብሄድስ ኖሮ?»

 ከአጥሩ ማዶ የሰው በጎች ሲያልፉ የኋለኛዋ እስክትሰወር አዩዋት።

«እሱን እኔም አላውቅ» አሉ። «አንዱን ልጅ ላወጣ ስለ ሌላው ዝም ልበል ብዬም አስቤያለሁ። ደክሞኛል፣ ልጄ። የደከመው ሰው ሐሳብ ጥሩ አይደለም።» ቀጥለውም «ሴትየዋስ?» አሉኝ። «ደህና ናት?»

«ደህና ናት።»

«መልካም።»

ከዚህ ሌላ አልወቀሱኝም። ቢወቅሱኝ ይሻለኝ ነበር። ፀሐዩ ካባውን ሲያሞቀው የተጠራቀመ የዕጣን ሽታ ተነሣ። የተቃጠለው ቤተ ክርስቲያን አጥራችን ላይ የቆመ መሰለኝ፤ እኔም እንደሚገባኝ በውጭ።

«ለእናትህ የአንተን አልነግራትም፤ የእኔን ነው የምነግራት» አሉና ተነሡ።

«የእርስዎን ምን?»

«ቄስ ዝቅ ብሎ የዲያቆኑን ይሠራል። ዲያቆን ነው ከፍ ብሎ የቄሱን የማይሠራው።»

እናቴ ስንቁን በቁና ይዛ ስትገባ ነገሯት። ቁናውን ሳታስቀምጥ ቆማ ሰማቻቸው።

«በስልሳ ዓመትዎ የዲያቆን ጧፍ ሊይዙ?»

«ጧፍ ቀላል ነው።»

«ባሕሩስ?»

«የሚቀዝፈው ሌላ ሰው ነው።»

«እርስዎንስ ማን ይተካዎታል? መቼ ይመለሳሉ?»

 ከእኔ በኋላ በቤታችን የቀረ ዲያቆን የለም። «ያለ ፈቃድሽ አልሄድም» አሉ አባቴ። «ሚስት ያለው ሰው ነኝ።»

እናቴ ቁናውን አስቀመጠች። ዱቄቱን ከእጅዋ ላይ አራገፈች። «ልጄን ይላኩልኝ» አለች። «እርስዎን ጠግቤዎታለሁ አልልም። ግን ልጄን ይላኩልኝ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። ልናገር አፌን ስከፍት በእጅዋ አቋረጠችኝ። «አንተን ምንም አልጠየቅኩህም። ያን ጣት ያጠብኩት እኔ ነኝ፤ መቼ እንደ ዳነ አውቃለሁ።»

በማግስቱ አልዩ አምባ ድረስ ሸኘናቸው። ቁልቁለቱን ስንወርድ ሙቀቱ ከእግር ጀምሮ ይቀበላል። ነጋዴው ግመሎቻቸውን ጭነው ሲጠብቁ እኔ ቀርቼ አባቴ ጥምጥማቸውን ፈተው፣ መስቀላቸውን በወገባቸው ደብቀው፣ የአሽከር ጋቢ ለብሰው ሲመጡ አዩ። ራሳቸው በጥምጥሙ ሥር ይህን ያህል መሸበቱን እኔም ያን ቀን ነው ያየሁት። ነጋዴው ምክንያት አልጠየቁም።

«አስታግፊሩላህ! አሽከሬ ከእኔ ያረጀ ነው» አሉ። «ቄሱ፣ እንግዲህ እስከ ጅቡቲ ጌታዎ እኔ ነኝ።»

«ጌታው፣ ኮርቻዎ ጠሟል።»

«አሽከር ጌታውን አያርምም።»

«እንግዲያው ይውደቁ።»

እናቴ ሳቀች። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች፤ ሳቁ ወደ ሌላ ነገር ሲዞር ግመሎቹ ተነሡ። አባቴ ከመሄዳቸው በፊት ለእኔ አንድ ነገር ብቻ አዘዙኝ። «አቁማዳው፣ የሚነካው ሰው እስኪመጣ አይፈታ።»

የሚቀጥሉትን ስድስት ወራት የማስታውሰው በአፍንጫዬ ነው። ታኅሣሥ አለፈ፣ ጥር አለፈ፤ አቁማዳው እንደ ተሰቀለ ነው። የካቲት ላይ ያልተጠበቀ ዝናብ ጣለና ጉሙ ሳምንት ሙሉ ቤታችን ውስጥ ተኛ። የሻጋታው ሽታ መጀመሪያ ከአቁማዳው ሥር ስቆም ብቻ ነበር፤ በኋላ ቤቱን ሞላው፤ በኋላ እንጀራው ውስጥ ገባ። ቀና ብዬ አየዋለሁ፤ እጄ ይደርስበታል፤ አልነካውም። አውርጄ ብፈታው የሚከለክለኝ ሰው አልነበረም። እናቴ አንድ ቀን ሳየው አየችኝና «ተወው» አለችኝ። «እሱም ይጠብቅ። ሁላችንም እየጠበቅን ነው።» እሷ ሁለት ቀን በእግሯ ሄዳ የመዘዞዎቹን ልጃቸውን ለሌላ እንዳይሰጡ እስከ ሰኔ አስምላቸው ተመልሳለች።

ትንሣኤ መጣ። ከባሕሩ ማዶ ወሬ የለም። ጾሙን ፈታን፤ ማን ማን እንደሆነ ሳናውቅ፣ ወንድሜ መነኩሴ ይሁን መንገደኛ፣ አባቴ ይድረሱ አይድረሱ። ግጥም ልጽፍ ሞከርኩ፤ አልመጣም። ሕይወቴን ሙሉ መሄድ የፈለግኩ ሰው እንደዚያን ሰሞን ከአንድ ቦታ ሳልነቃነቅ ኖሬ አላውቅም።

በግንቦት አጋማሽ ከአልዩ አምባ ሰው ተላከ። ነጋዴው ገብተዋል፤ አሁን ሐጂ ናቸው። «አሽከሬን መጥታችሁ ውሰዱ፤ ሰነፍ ነው፤ ዜማ እንጂ ጭነት አያውቅም» ብለው ነበር መልእክቱ። እናቴ ወገቧን አስራ ተነሣች፤ ጉልበቷ ግን ቁልቁለቱን አልቻለውም። ከግማሽ መንገድ መለስኳትና ብቻዬን ወረድኩ።

ወንድሜ ከሐጂው አጥር ሥር ተቀምጦ ነበር። ከስቷል፤ ጠቁሯል፤ ጺሙ የአባቴን መስሏል። ተቃቅፈን ስንለያይ ፊቴን በሁለት እጁ ይዞ አየኝ።

«አባባ ደረሱ?» አልኩት።

«በጥር ደረሱ። አንድ እሑድ አብረን ቀደስን፤ ስድስት ሆንን። የዲያቆኑን ቦታ ቆመው የቄሱን ጀመሩ፤ የሠላሳ ዓመት ልማድ! አባቶች ሁሉ ዞረው አዩዋቸው። እሳቸው ግን ደንግጠው እንደ ተማሪ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ።» ሳቀ፤ ሳቁ አልቆየም። «ደህና ናቸው። ደረጃ ሲወጡ ይደክማቸዋል። እህታችን አንድ እጇን ለአክስቴ፣ አንድ እጇን ለእሳቸው ትሰጣለች።»

ሐጂው መርቀው ሸኙን። ዳገቱን ጀመርን። ወንድሜ ጥቂት ይሄዳል፣ ይቆማል፣ ወደ ቆላው ዞሮ ይተነፍሳል። በአንዱ መቆሚያ ላይ «አንተ ለምን እንዳልመጣህ ጠይቄያቸው ነበር» አለኝ። «ተራው የእኔ ነው አሉኝ፤ ሌላ አልጨመሩም። እኔ ግን ገብቶኛል። እማዬን ብቻዋን ላለመተው የቀረህ አንተ ነህ። እግዜር ይስጥህ፣ ወንድሜ።»

ዝም ብል ምስጋናው የእኔ ሆኖ ይቀር ነበር። የማይታወቀው ሁሉ እንደገና ሊደብቀኝ ቆሞ ነበር፤ ቃጠሎው፣ ባሕሩ፣ የአባቴ ዝምታ። ሴትየዋ ደጅዋ ላይ ያለችኝ ትዝ አለኝ።

«እንደዚያ አይደለም» አልኩት። ነገርኩት። አባቴ ተመልሰው የማይመጡት በማን ምክንያት እንደሆነም ጨመርኩለት፤ ያን አባቴ ራሳቸው አላሉኝም፤ እኔ ነኝ ያልኩት።

ወንድሜ በምርኩዙ ተደግፎ አዳመጠኝ። የሚመታኝ መሰለኝ። ከዚያ ቀና ብሎ የቀረውን መንገድ አየ።

«ዳገቱ አላለቀም» አለኝ። «ውጣ።»

እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ወጣን።

እናቴ ከደጃፉ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ትጠብቀን ነበር። ልጇን አቅፋ እልል አላለችም፤ አላለቀሰችም፤ ጺሙን በጣቶቿ እየዳሰሰች ራሱ ላይ ቆብ አለመኖሩን አየች። ስለ ሁሉም ጠየቀች፤ ሁሉንም ሰማች። ሲጨርስ «ሁለት እዚያ፣ ሦስት እዚህ» አለች። «ድሮም እንዲሁ ነበርን። ሰዎቹ ተቀያየሩ እንጂ።» ይህን ስትል ወደ እኔ አላየችም። አለማየቷን አየሁ።

ወንድሜ እግሩን እንኳ ሳይታጠብ አፍንጫውን ቀና አደረገ። «ይህ ምንድን ነው የሚሸተው?»

«ልብሰ ተክህኖው ነው» አለች እናቴ። «አባትህ ከሄዱ ወዲህ አልተነካም።»

አቁማዳውን አወረደ፤ ደጅ አውጥቶ ፈታው። የትልቁ ካባ አንድ ጎን ሻግቶ አረንጓዴ ሆኗል፤ ሐሩ ሲነኩት ይበጣጠሳል። ወንድሜ የተረፈውን እያራገፈ አጥሩ ላይ ብቻውን መዘርጋት ጀመረ። ካባው ሰፊ ነው፤ አንዱን ጫፍ ሲሰቅል ሌላው መሬት ይነካበታል። እኔ ከሦስት እርምጃ ርቀት ላይ፣ እጆቼ ተንጠልጥለው ቆሜ ነበር። ዞሮ አየኝ፤ ካባውን አየ፤ ጫፉን ሊዘረጋልኝ ሲል እጁን መለሰ። ከዚያ በአገጩ ወደ ቆላው በኩል ጠቆመኝ።

«አንተ ሰማዩን ተመልከትልኝ» አለ። «ጉም ሲነሣ ንገረኝ።»

ወደ አጥሩ ዳር ሄጄ ቆምኩ። ፀሐዩ ገና ነበር። ከኋላዬ ወንድሜ ካባውን ሲያራግፍ ይሰማኛል። ብዙም ሳይቆይ ከአልዩ አምባ በላይ ካለው ገደል ሥር ነጭ ነገር ተነሥቶ ወደ ላይ መሳብ ጀመረ።

«ተነሣ» አልኩት።